ቀጠሮ የሌለው ጠብ

አያቴ በመንዝ በሕይወት ሳሉ በአካባቢው ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። ክረምቱን ከእርሳቸው ጋር ባሳለፍኩባቸው የልጅነት ዓመታት፣ የድንበር ጠብ ወይም የደም ነገር በተነሣ ቁጥር በርኖሳቸውን ደርበው ሲወጡ እከተላቸው ነበር። የምጓጓው ፍርድ ሲሰጡ ለማየት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ፍርድ ሲሰጡ ግን አንድም ጊዜ አላየሁም። የመጀመሪያው ቀን ሥራቸው ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ መስማት፣ ዋስ ማስጠራትና ቀጠሮ መቁረጥ ነበር። አንድ ቀን ወንድሙ በጥይት የቆሰለበት ጎልማሳ፣ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ሆኖ ሳለ ለምን ሁለት ሳምንት እንደሚጠብቅ እየተቆጣ ጠየቃቸው። «ልጄ፣ ዛሬ የምትነግረኝን እኔም አውቀዋለሁ፤ የምፈልገው በሁለት ሳምንቱ የምትነግረኝን ነው» አሉት። ጎልማሳው በቀጠሮው ቀን መጣ፤ ነገሩም በካሳ አለቀ።

ያን ንግግር ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝ ሙያዬ ነው። በደብረ ብርሃን ታሪክ አስተምራለሁ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ባላቸው አገሮች መካከል ሊነሣ ስለሚችል ጦርነት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ከቦምቡ ኃይል ባልተናነሰ የሚያስጨንቀኝ ቀጠሮን ማጥፋቱ ነው። ከሩሲያ ወይም ከአሜሪካ ምድር የተተኮሰ አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ከዒላማው ለመድረስ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተተኮሰ ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ ድንበርተኞች በሆኑት በሕንድና በፓኪስታን መካከል ደግሞ ያለው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ደቂቃ ነው። ማስጠንቀቂያው እስኪጣራና መሪው ከእንቅልፉ እስኪቀሰቀስ የሚጠፋው ሲቀነስ፣ የሚወስነው ሰው ለማሰብ የሚተርፈው ጊዜ አቦል ከሚፈላበት ጊዜ ያጥራል።

ባለፈው ሰሞን እትዬ ጎረቤቴ ሬዲዮ የሚያወራውን ሰምተው ኖሮ፣ ቡና ላይ «መምህር፣ ይሄ የአቶም ነገር እኛ ዘንድ ይደርሳል እንዴ? የሚጀምረውስ የትኛው እብድ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዚያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ ለራሴም አላረካኝም። ስለዚህ እዚህ በሰፊው ልጽፈው ፈለግሁ፤ የምጀምረውም ከሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እብድ አያስፈልገውም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ፣ ደብረ ብርሃን ቀኑን በወሬ ሌሊቱን በጆሮ ያሳለፈችበትን ሰሞን የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማንበብ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። አንዱ ጎረቤት ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ዕቃ ሲጭን ያየ ሌላው ጎረቤት፣ የሰማው ነገር ቢኖር ነው ብሎ እርሱም ይጭናል፤ ሁለቱ ሲጭኑ ያየው ሦስተኛው ደግሞ ዱቄት ሊገዛ ወደ ገበያ ይሮጣል፤ ማታ ላይ መንደሩ በሙሉ የመጀመሪያው ሰው የተረጋገጠ ነገር ይዞ እንደነበር አምኖ ያድራል። የመጀመሪያው ሰው ግን ልጆቹን የላከው ለጥንቃቄ ብቻ ነበር። የዋሸም፣ ክፉ ያሰበም አልነበረም፤ ሆኖም የአንዱ ጥንቃቄ የሌላው ማስፈራሪያ ሆነ።

አገሮችም የሚፈሩት እንዲሁ ነው። አንዱ ለመከላከል የሚያቆመው ነገር በሌላው ዓይን ለማጥቃት የተዘጋጀ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የሚሳኤል መከላከያን የሚገድብ ውል የተፈራረሙት ይህን ተረድተው ነበር። ጋሻው የጠነከረለት ወገን «ብመታም አልመታም» ብሎ ሊደፍር ይችላል፤ ጋሻ የሌለው ደግሞ «ሳልመታ ልቅደም» ወደሚል ሐሳብ ይገፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ከውሉ ስትወጣ ራሷን ከሌሎች አደጋዎች ለመጠበቅ እንደሆነ ተናገረች፤ ሞስኮ ግን በራሷ ላይ የተሠራ አድርጋ አነበበችው፤ የሩሲያ መሪዎች ከዚያ ወዲህ ስላሠሯቸው አዳዲስ ሚሳኤሎች ሲናገሩ በምክንያትነት የሚጠሩትም ይህንኑ ነው። ፍርሃት ከሁለት ወገን ሲመገብ ማን እንደጀመረው መለየት ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ1914 አውሮፓ ቢያንስ አንድ ወር ነበራት። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ጁን 28 ቀን ሳራዬቮ ላይ ከተገደለ በኋላ የመልእክተኞች ምልልስ ለአራት ሳምንታት ቀጥሎ ነበር። ነገሩ ከእጅ የወጣው ሩሲያ ጁላይ 30 ቀን ጠቅላላ ክተት ስታውጅ ነው፤ የጀርመን የጦር ዕቅድ በባቡር የጊዜ ሠሌዳ የተሰፋ ስለነበር የሌላው ክተት ለእርሷ ከተኩስ እኩል ተቆጠረ። ኦገስት 1 ቀን ጦርነት አወጀች፤ እንግሊዝም ኦገስት 4 ቀን ገባች። ክተት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የጦርነት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ ከዚህ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለችም፤ ተማሪዎቼን ስለ ውጫሌ ውል ሳስተምር ይህን ሳልነግራቸው አላልፍም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ በአድዋ ተራሮች ላይ ተፈታ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1994 ቡዳፔስት ላይ የተፈረመውን ሰነድ ሳነብ የመጣብኝ ይኸው አንቀጽ ነው። ዩክሬን ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ በምድሯ የቀሩትን ወደ 1,900 የሚጠጉ የረጅም ርቀት የኒውክሌር አረሮች ለማስረከብ ስትስማማ፣ ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ድንበሯንና ነፃነቷን እንደሚያከብሩ ፈረሙላት። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ማረጋገጫ» ከሚል ያላለፈ ቃል ሲጠቀም፣ የሩሲያኛውና የዩክሬንኛው ግን «ዋስትና» ተብሎ የሚተረጎም ቃል ይዟል። በአያቴ አገር ዋስ የሆነ ሰው፣ ነገሩ ሲፈርስ ከራሱ በረት ከብት ነድቶ ይከፍላል፤ በቡዳፔስት ግን ማን ምን እንደሚከፍል አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ2014 ክሪሚያ ስትወሰድ፣ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ደግሞ ሙሉ ወረራው ሲጀመር፣ ሰነዱ ወረቀት ብቻ እንደነበር ታየ። ከዚህ ውጤት ሁሉ የከፋው የቀሩት አገሮች የወሰዱት ትምህርት ይመስለኛል። ሊቢያ የኒውክሌር ዕቅዷን እ.ኤ.አ. በ2003 ተወች፤ መሪዋ በ2011 ተገደሉ። ሰሜን ኮሪያ አልተወችም፤ የነካትም የለም። ይህን የሚያይ ፈሪ መንግሥት ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ዩክሬን ጦርነት አመጣጥ በቅን ልቦና የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም መናገር አለበት። የምዕራባውያኑ የጦር ኪዳን ኔቶ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2008 ቡካሬስት ላይ ዩክሬንና ጆርጂያ ወደፊት አባል ይሆናሉ ብሎ ቀን ሳይቆርጥ ማወጁ ትልቅ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሩሲያን አስቆጣ፣ ዩክሬንን ግን አልጠበቀም። ሆኖም ጎረቤቴ ከእነ እገሌ ጋር ሊወዳጅ ነው ብሎ ቤቱን ያፈረሰ ሰው በየትኛውም ሽማግሌ ፊት አይረታም። መፍራት አንድ ነገር ነው፤ መውረር ሌላ ነው።

ከዚህ በታች ስለ ኩባ የማወራው ረዘም ይላል፤ አንድ ጦርነት ማንም ሳይፈልገው እንዴት ሊጀመር እንደሚችል በዚህ ልክ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅምና።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1962 አሜሪካኖች ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ የኒውክሌር ሚሳኤል እየተከለች መሆኗን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ደረሱበት፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ደሴቲቱን በመርከብ አስከበቡ። የሶቪየቱን መሪ የክሩሽቼቭን ሐሳብ ለመረዳት በቱርክና በኢጣልያ ወደ ሶቪየት ኅብረት አነጣጥረው የተተከሉትን የአሜሪካ ሚሳኤሎች፣ እንዲሁም ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አሜሪካ ያሰማራቻቸው ስደተኞች ኩባ ላይ ያደረጉትን ከሽፎ የቀረ ወረራ ማስታወስ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ያለው መሪዎች አስበው ያደረጉት ነው። ቅዳሜ ኦክቶበር 27 ቀን የሆነው ግን ከዚህ ይለያል።

በዚያ ቀን ወደ ሰሜን ዋልታ የተላከ አንድ የአሜሪካ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን መንገድ ስቶ የሶቪየት ሰማይ ውስጥ ገባ። የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሊይዙት ተነሡ፤ ሊያጅቡት ከአላስካ የተነሡት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደግሞ የታጠቁት የኒውክሌር ሚሳኤል ነበር። በዚያው ቀን ኩባ ላይ የነበሩ የሶቪየት መኮንኖች ከሞስኮ ፈቃድ ሳያገኙ ሌላ ዩ-2 መትተው ጣሉ፤ አብራሪው ሻለቃ ሩዶልፍ አንደርሰን ሞተ። አሁንም በዚያው ቀን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቢ-59 የተባለችውን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ወደ ላይ እንድትወጣ ለማስገደድ ትናንሽ ፈንጂዎችን በዙሪያዋ ይጥል ጀመር። አሜሪካኖቹ ለምልክት የጣሉት ነው፤ ምልክቱንም አስቀድመው ለሞስኮ ነግረው ነበር፤ መልእክቱ ግን መርከቢቱ ውስጥ ላሉት አልደረሰም። ከሞስኮ ጋር መገናኘት ያቃታቸው፣ ሙቀቱ ያዛላቸው፣ አየር ያጠራቸው እነዚያ ሰዎች ከውኃው በላይ ጦርነት የተጀመረ መሰላቸው። መርከቢቱ የኒውክሌር ቶርፔዶ ይዛ ነበር፤ አሜሪካኖቹ ይህን አያውቁም። አብረው የነበሩ ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ አዛዡ ቶርፔዶው እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ያረጋጋውም በመርከቢቱ ላይ የነበረው ሌላ ከፍተኛ መኮንን ቫሲሊ አርኪፖቭ ነው። መርከቢቱ በሌሊት ከውኃው ወጣች።

ከእነዚህ ሦስት ነገሮች አንዱንም ኬኔዲ አላዘዙትም፣ ክሩሽቼቭም አላዘዙትም። ሁለቱ በየቤተ መንግሥታቸው ቃል እየመረጡ ሳለ፣ ዕጣቸው ስማቸውን በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ነበር። የኬኔዲ የጦር አማካሪዎች አውሮፕላን ከተመታ የመታው ምሽግ እንዲደበደብ ቀድመው አስማምተው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ቆዩ። በአያቴ ቋንቋ ቀጠሮ ሰጡ። ክሩሽቼቭም በዋዜማው በላኩት ረጅም ደብዳቤ፣ የጦርነት ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ሁለታችንም ከየጫፉ ብንጎትተው ቋጠሮው እየጠበቀ ሄዶ ያሰረው ራሱ ሊፈታው የማይችልበት ሰዓት ይመጣል ብለው ነበር። ቅዳሜ ማታ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ሮበርት ኬኔዲ የሶቪየቱን አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒንን በምስጢር አግኝተው በቱርክ ያሉት ሚሳኤሎች በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚነሡ፣ ነገር ግን ይህ በይፋ እንደማይነገር ቃል ሰጡ። ይህ ለተቃራኒው ወገን የተተወለት መመለሻ መንገድ ነው። እሑድ ዕለት ክሩሽቼቭ ሚሳኤሎቹን እንደሚያነሡ አስታወቁ።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ማክናማራ እ.ኤ.አ. በ1992 ሃቫና በተደረገ ስብሰባ ላይ አዲስ ነገር ሰሙ፤ ኩባ ላይ የነበሩት የሶቪየት ወታደሮች ከተገመተው በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ወራሪ ጦር ቢመጣ የሚተኮሱ የአጭር ርቀት የኒውክሌር አረሮችም በደሴቲቱ ላይ ነበሩ። ወረራውን ይመክሩ የነበሩት ጄኔራሎች ጦራቸውን ወደምን ሊልኩት እንደነበር ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላወቁም።

የማሽን ስሕተት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1979 የአሜሪካ ማስጠንቀቂያ ማዕከል ኮምፒውተሮች ከፍተኛ የሚሳኤል ጥቃት መጣ ብለው ያሳዩት ለልምምድ የተዘጋጀ ፕሮግራም ገብቶባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1995 ከኖርዌይ የተነሣ የሳይንስ ሮኬት ለሩሲያ ራዳር ሚሳኤል መሰለ፤ ኖርዌይ አስቀድማ ያስታወቀችው ነገር ራዳሩ ላይ ለተቀመጡት ሳይደርስ በመቅረቱ የፕሬዚዳንት የልሲን የኒውክሌር ትእዛዝ መስጫ ሻንጣ ተከፈተ። ከሁሉ የሚታወቀው የሶቪየቱ ሌተና ኮሎኔል የስታኒስላቭ ፔትሮቭ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ሌሊት የሶቪየት ሳተላይት ከአሜሪካ አምስት ሚሳኤሎች ተተኩሰዋል አለ። ሶቪየት ኅብረት 269 ሰዎችን የያዘ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መትታ ከጣለች አራት ሳምንት አልሞላም ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ነገር ይጠብቁ ነበር። ፔትሮቭ ዓለምን ለማጥፋት የተነሣ ሰው በአምስት ሚሳኤል አይጀምርም ብለው አሰቡ፤ የምድር ራዳርም ምንም አላየም፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብለው ለአለቆቻቸው አስታወቁ። ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ ያንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። ይህን ሳነብ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ መንግሥታት በዚያ ሳምንት እርስ በርስ ባይፈራሩ ኖሮ የደመና ብርሃን የደመና ብርሃን ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ማሽኑ የሚሳሳተው ሁልጊዜ ነው፤ ስሕተቱ የሚገድለው ሰው ለማመን በተዘጋጀበት ሰዓት ነው።

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በከባድ መኪና የወረደ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሾፌሮች ከባድ ማርሽ የሚያስገቡት ገና ከላይ ሆነው ነው፤ መኪናው በጭነቱ ኃይል መንደርደር ከጀመረ በኋላ ማርሹን መቀየር አስቸጋሪ ነው፤ ፍሬኑም ጠመዝማዛው ላይ ደጋግሞ ሲያዝ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ እስከ መጨረሻው እርግጫ ድረስ የሚሠራ ይመስላል። የጦርነት መካረር የሚመስለኝ ይህንን ነው። በዩክሬን ጦርነት መጀመሪያ ላይ ምዕራባውያን አንሰጥም ያሏቸውን ታንኮች፣ አውሮፕላኖችና ረጅም ርቀት የሚሄዱ ሚሳኤሎች አንድ በአንድ ሰጡ፤ ሩሲያም በወረራው በአራተኛው ቀን የኒውክሌር ኃይሏን ልዩ ዝግጁነት ላይ አስቀመጠች፣ በቤላሩስ የኒውክሌር መሣሪያ እንደምታሰፍር አስታወቀች፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ደግሞ መሣሪያውን የምትጠቀምባቸውን ሁኔታዎች የሚያሰፋ ደንብ አጸደቀች። በእያንዳንዱ እርምጃ «ይኸው ምንም አልሆነም» የሚሉ ድምፆች ከሁለቱም በኩል ይሰማሉ። ዩክሬን ራሷን የመከላከል መብት እንዳላት አልጠራጠርም፤ የመሣሪያውን እርዳታም አልቃወምም፤ ነገር ግን ትናንት ፍሬኑ ስለያዘ ዛሬም ይይዛል የሚለውን ክርክር እፈራዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2022 አንድ ሚሳኤል በዩክሬን ድንበር አጠገብ ባለች የፖላንድ መንደር ወድቆ ሁለት ሰዎች ገደለ። ፖላንድ የኔቶ አባል ናት፤ በአንዷ ላይ የተደረገ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተደረገ ይቆጠራል። የሩሲያ ነው የሚል ወሬ ወዲያው ተሠራጨ፤ መሪዎቹ ግን እስኪጣራ ጠበቁ፤ ፖላንድና አጋሮቿም የዩክሬን መከላከያ ሚሳኤል ሳይሆን እንዳልቀረ በማግሥቱ አስታወቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሩሲያ ኦሬሽኒክ የተባለውን አዲስ ሚሳኤል ዲኒፕሮ ከተማ ላይ ስትተኩስ፣ አሜሪካ የኒውክሌር ጥቃት እንዳይመስላት አስቀድማ በማስጠንቀቂያ መስመር ነግራታለች። ከተማ እየመቱ የሚላክ መልእክት መራራ ነው፤ ባይላክ ግን ይብስ ነበር።

አንዳንድ ጸሐፊዎች «ትንሽ» ስለሆነ፣ በጦር ሜዳ ላይ ብቻ ስለሚተኮስ የኒውክሌር መሣሪያ ሲጽፉ አነባለሁ። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማን ካጠፋው ቦምብ ይበልጣሉ። ትንሽ ነው የሚለው ቃል ተኳሹ ያሰበውን ይገልጻል፤ የተተኮሰበት ወገን ምን እንደሚያስብ አይገልጽም። ከመጀመሪያው አረር በኋላ ሁለተኛው እንዳይከተል የሚያስገድድ ሕግም፣ ዳኛም የለም። አሜሪካና ሩሲያ እያንዳንዳቸው ሊያሰማሩ የሚችሉትን የረጅም ርቀት አረር በ1,550 የገደበው የመጨረሻው ውልም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ዘመኑ አብቅቷል። በዘጠኝ አገሮች እጅ ካሉት ወደ 12,000 የሚጠጉ አረሮች ዘጠና በመቶ ያህሉ የእነዚህ የሁለቱ ናቸው።

በሕንድና በፓኪስታን መካከል ነገሩ ይብሳል፤ ጊዜው ከሁሉ ያጠረ ነውና። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በሜይ 1998 ቦምባቸውን ሞከሩ፤ በዓመቱ ካርጊል ላይ ተዋጉ። ያኔ ሕንድ አውሮፕላኖቿ ሁለቱ የሚጣሉበትን የካሽሚርን ምድር የሚከፍለውን የቁጥጥር መስመር እንዳይሻገሩ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ተሻግራ ደበደበች፤ በሜይ 2025፣ ሃያ ስድስት ሰዎች ከተገደሉበት የፓሃልጋም ጥቃት በኋላ፣ ለአራት ቀናት በሚሳኤልና በድሮን ተመታቱ። በየጊዜው መስመሩ ወደ ውስጥ ሲገፋ ይታያል። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ደግሞ አንድ የሕንድ ሚሳኤል በስሕተት ተተኩሶ ፓኪስታን ውስጥ ወደቀ፤ ሰው አልሞተም፤ ፓኪስታንም አልመለሰችም። ይህ በሰላሙ ጊዜ ሆነ። በሜይ 2025 ቢሆን ኖሮ ስሕተት ነው የሚለውን ማን ያምን ነበር?

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰዎች ነገር ይመስለናል። ሆኖም የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴንን ወርሮ፣ ሶቪየት ኅብረት መሣሪያ፣ ኩባም ወታደር ወደ እኛ በላኩበት ጊዜ፣ የፕሬዚዳንት ካርተር የጸጥታ አማካሪ የነበሩት ዝቢግኒው ብሬዚንስኪ የኒውክሌር መሣሪያን ለመቀነስ ይደረግ የነበረው ድርድር በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል ሲሉ ኋላ ጽፈዋል። ውሉ እ.ኤ.አ. በ1979 ቢፈረምም የአሜሪካ ምክር ቤት ሳያጸድቀው ቀረ፤ ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን መውረሯ የመጨረሻው ምክንያት ሆነ። የእኛ ጦርነት ብቻውን አፈረሰው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከሸዋ የዘመተ ገበሬ ጅጅጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሳያውቀው የቆመበት ሚዛን ሌላኛው ጫፉ ሞስኮና ዋሽንግተን ነበር።

ወደ እትዬ የመጀመሪያ ጥያቄ ልመለስ፤ እኛ ዘንድ ይደርሳል ወይ? ቦምቡ ላይደርስ ይችላል። በዚህ በደጋው ያለን ሰዎች ግን ውርጭ እናውቃለን። በኅዳር አንድ ሌሊት አመዳይ ሲጥል፣ ማታ ለምለም የነበረው ባቄላ ጠዋት እንደተቀቀለ ይጠቁራል፤ ያን ያህል ጥፋት የሚያደርሰው የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ነው። ከተሞች በኒውክሌር እሳት ሲነዱ የሚወጣው ጥቀርሻ ዝናብ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ወጥቶ የፀሐይን ብርሃን ለዓመታት ይጋርዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት፣ በሕንድና በፓኪስታን መካከል የሚደረግ ጦርነት ብቻ በረኀብ ከሁለት ቢሊዮን በላይ፣ በአሜሪካና በሩሲያ መካከል የሚደረገው ደግሞ ከአምስት ቢሊዮን በላይ ሰው ሊገድል እንደሚችል ገምቷል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ቦምብ ያልወደቀባቸው አገሮች ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በጣም ያነሰውን አስቀድመን ቀምሰናል። አንድም የኒውክሌር አረር ሳይተኮስ፣ የዩክሬን ጦርነት በጀመረበት ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ ገበሬውን አስጨነቀ፤ የስንዴና የዘይት ዋጋም አብሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዛ ጅቡቲ የደረሰችው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እርዳታ ነበር። ስንዴው ከጥቁር ባሕር ለመውጣት የተዋጊዎቹ ፈቃድ አስፈልጎታል።

ይህን ሁሉ ለእትዬ በአጭሩ ከነገርኳቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ እነርሱ ሽማግሌ የላቸውም?» አሉኝ። ከእነርሱ በላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ እንደሌለ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ግን አለ አልኩ። በኩባው ጊዜ የክሩሽቼቭ ደብዳቤ ተቀብሎ ለመፍታትና ለመተርጎም ግማሽ ቀን ያህል ፈጅቶ ስለነበር፣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል ቀጥታ መስመር ዘረጉ። ብዙ ሰው ቀይ ስልክ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ድምፅ አልነበረም፣ ጽሑፍ የሚያመላልስ መሣሪያ ነበር። ጽሑፍ የመረጡት በቁጣ የተነገረ ቃል በችኮላ እንዳይተረጎምና አንባቢው ከመመለሱ በፊት ደግሞ እንዲያነበው ነው። መስመሩ አለመበጠሱን ለማወቅም በየሰዓቱ ከጠቡ ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ ይላላኩ ነበር፤ በሙሉ ቁጥር ሰዓት አሜሪካኖቹ፣ በጎዶሎው ሶቪየቶቹ።

«ሌሊትም?» አሉ፣ በረካውን እየቀዱልኝ።

«ሌሊትም» አልኳቸው።